ንጹሕ የሚለው ቃል

ዳኛ ፍሬ ስብሐት ቀኝ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዝቃጭ ውስጥ የገባው በ2010 ዓ.ም. የካቲት፣ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ሦስት ዳኞች፣ የችሎት ጸሐፊያቸውና የሁለቱ ወገን ተከራካሪዎች በባሕር ዳር የሐይቁ ዳርቻ ተከታትለው እየሄዱ ነበር። የመጡትም ጸዳለ ጣና የሚባለው ሪዞርት ፍሳሹን ወደ ሐይቁ የሚለቅበትን ቱቦ በዓይናቸው ለማየት ነው። ፍሬ ስብሐት ደንገሉ መሐል ደረቅ የመሰለውን መሬት ሲረግጥ መሬቱ ከዳው። እግሩን ስቦ ሲያወጣ ጫማው ላይ የተለጠፈው ጭቃ አልነበረም፤ ግራጫ፣ የሚያሟልጭ፣ ጸጉርና የሳሙና አረፋ የተቀላቀለበት፣ ሽታው ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ አልወጣም የሚል ነገር ነበር።

«እኛ እዚህ ነው ቆመን የምንውለው» አለች ከሳሿ ወይዘሮ ዘይነት። አላፌዘችበትም። የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ እግሩን እንጂ ፊቱን ሳታይ ነው የተናገረችው።

ዘይነት ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አባቷም አያቷም ሐይቁ ዳር ሲነግዱ የኖሩ ሴት ናት። ቱቦው ከተቀበረበት ሥፍራ ጥቂት እልፍ ብላ ዓሣ እየበለተች ትሸጥ ነበር። ሪዞርቱ ከተከፈተ ወዲህ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ሆዱ ተነፍቶ ይንሳፈፍ፣ የጎረቤቶቿ ልጆች ገላ ይቆስል ጀመር። የሠላሳ አንድ ቤተሰብ ፊርማ አሰባስባ ክስ መሠረተች። ክሱ አጭር ነው፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 «ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው» ይላል፤ እኛም ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ቱቦውን ያዘጋልን።

ዳኞቹ ቱቦውን አዩ። አረንጓዴ አረፋ አዩ። አፍ የከፈተ አምባዛ ዓሣ ሞቶ፣ ዝንብ ወርሮት አዩ። የችሎቱ ሰብሳቢ ሕዝቅኤል ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ሁሉንም ነገር በፈገግታ የሚያስጨርስ ሰው ነው። ቱቦው አጠገብ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልቆመም። «ምልከታው ተጠናቅቋል» ብሎ ወደ ሪዞርቱ በር አመራ። በሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ ይጠብቃቸው ነበር። ምሳ ተዘጋጅቷል።

ሦስተኛዋ ዳኛ መቅደላዊት፣ ሹመቷ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ደጁ ላይ ቆመች።

«እኔ መኪና ውስጥ እጠብቃችኋለሁ» አለች።

«ውኃ እንኳ አትቀምሽም?» አላት ሕዝቅኤል።

«ከተከሳሽ ቤት?»

ሕዝቅኤል ሳቀና ገባ። ፍሬ ስብሐትም ጫማው እየሸተተ ተከትሎት ገባ። ወዲያው አንድ አስተናጋጅ መጥቶ ጫማውን አስወለቀውና በምትኩ ነጭ ነጠላ ጫማ ሰጠው። ጠረጴዛው ሐይቁን ያያል፤ ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩት ሐይቁ ሰማያዊ ነው። ዓሣው በሎሚ ተጠብሶ ቀረበ። ፍሬ ስብሐት እጁን መለስ ሲያደርግ ሥራ አስኪያጁ አየው።

«አይፍሩት» አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ከጎርጎራ በጀልባ ነው የሚመጣልን። ከዚህ ዳርቻ የወጣ ዓሣ ወጥ ቤታችን ድርሽ አይልም። ደረጃችንን እንጠብቃለን።»

ሕዝቅኤል ራሱን ነቀነቀ። ፍሬ ስብሐት ጎረሰ፤ የጎረሰውንም ዋጠ። የሰማው ከየትኛውም የላቦራቶሪ ውጤት የበለጠ ማስረጃ መሆኑን አውቋል። ግን ችሎቱ የተሰየመው ቱቦው ዘንድ እንጂ ምሳ ላይ አይደለም፣ ጸሐፊውም ያን ጊዜ ብዕሩን አስቀምጦ ነበር ብሎ ራሱን አሳመነ። ሲወጡ ጫማው ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ ከገዛበት ቀን ይልቅ አብርቶ ጠበቀው።

ለውሳኔ የተቀመጡት በሳምንቱ ነው።

«ቃሉ ግልጽ ነው» አለች መቅደላዊት። «ንጹሕ ይላል። ያየነው ንጹሕ አይደለም። ምኑን እናወዛግበዋለን?»

«ሕገ መንግሥት መተርጎም የእኛ ሥልጣን አይደለም» አለ ሕዝቅኤል። «ለዚያ አጣሪ ጉባኤ አለ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አለ።»

«እንግዲያው ወደዚያ እንላከው።»

«ብንልከው ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ እኔ ነኝ የማውቀው። እስከዚያ ባለሀብቱ ጥሎ ይሄዳል፤ ሁለት መቶ ሠራተኛ ይበተናል። ከከተማው ስንት ጊዜ እንደተደወለልኝ ታውቂያለሽ?»

«እሱን መዝገቡ ላይ እንጻፈው?»

ሕዝቅኤል ፈገግታው ሳይጠፋ ወደ ፍሬ ስብሐት ዞረ። «ፍሬው፣ አንተ የመምህር ልጅ ነህ። ቃል ታውቃለህ። ሳንተረጉመው ትርጉሙ የሚገለጽበትን መንገድ ፈልግልን።»

እውነትም የመምህር ልጅ ነው። አባቱ የኔታ ሀብተ ሥላሴ ደቅ ደሴት ላይ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው። ፍሬ ስብሐት ያደገው አንዱ ቃል «አንድም» እየተባለ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲፈታ እየሰማ ነው። በዚያ ላይ የሰብሳቢነት ቦታ ሊከፈት እንደሆነ ይወራ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግን፣ ኋላ ሲያስበው በጣም ያሳፈረው ይህ ነው፣ መጠየቁ ደስ አሰኝቶታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ፣ አንድም ስርዝ ሳይኖርበት ጻፈው፦

«‹ንጹሕ› የሚለው ቃል አንጻራዊ ነው። አንድ አካባቢ ንጹሕ የሚባለው ከእድፍ ሁሉ የጠራ ሲሆን ሳይሆን፣ ከሚገኝበት የልማት ደረጃ ጋር ተነጻጽሮ ሲታይ ነው። በመሆኑም የከሳሾች መብት የታወቀ ነው፤ አልተጣሰም።»

«ግሩም ነው!» አለ ሕዝቅኤል። «አየሽ መቅደላዊት፣ አልተረጎምንም። አብራራን።»

እሷ የሐሳብ ልዩነቷን በአንድ ገጽ ጽፋ አያያዘች። ሊፈራረሙ ሲሉ ብዕሩን እያቀበለችው፣ «ጋሽ ፍሬ፣ እግርዎ እዚያ ውስጥ ገብቶ አልነበረም እንዴ?» አለችው።

«እሱ የእኔ እግር ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም» አላት።

መልሱ ለቅጽበት ያህል ብልህ መስሎት ነበር።

ውሳኔው የተነበበ ዕለት ዘይነት ከጎረቤቶቿ ጋር ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አዳመጠች። ሲያበቃ ተነሣች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ አልገባኝም። ረታን ነው ወይስ ተረታን?»

«መብታችሁ ታውቋል፤ ክሱ ግን ውድቅ ሆኗል» አላት ሕዝቅኤል በለዘበ ድምፅ።

«መብቴንማ እኔም አውቀው ነበር» አለችና ጫማዋን እየጎተተች ወጣች።

ለፋሲካ ፍሬ ስብሐት ወደ ደቅ ተሻገረ። የኔታ ሀብተ ሥላሴ ልጃቸው ስለ ቃል ትርጉም ፍርድ መስጠቱን ከሰው ሰምተው ኖሮ፣ ገና እንደተቀመጠ፣ «እስኪ አንብብልኝ» አሉት። ውሳኔውን ቦርሳው ውስጥ ይዞታል። ሊያነብላቸው ብሎ እንደያዘው አሁን ገባው። አነበበ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

«እኛ አንድም የምንለው ቃሉ ሲሰፋብን ነው» አሉ። «አንተ ያጠበብኸው ስለምንድን ነው?»

«የኔታ፣ ይህ የሕግ ጉዳይ ነው። ከልማቱ ጋር ማስታረቅ ነበረብኝ።»

«ይሁን። ሴትዮዋ የምትጠጣውን ውኃ ከየት ትቀዳ ኖሯል?»

«አላውቅም።»

«አልጠየቅሃትም?»

«በክሱ ላይ አልተጠቀሰም።»

የኔታ መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው፣ ካቆሙበት ማንበብ ቀጠሉ። ፍሬ ስብሐት ያንን በዓል ሰው እንደማያናግረው እንግዳ ሆኖ ዋለና በማግሥቱ ጀልባ ተመለሰ።

ዓመት ሳይሞላ ጽሑፉ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ በከተማው መዞር ጀመረ። መጀመሪያ አንድ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ጠቀሰው። ቀጥሎ መመሪያ ሆነ፤ ፍሳሽ ስለሚለቁ ድርጅቶች አቤቱታ ሲቀርብ «ንጽሕና ከአካባቢው የልማት ደረጃ ጋር ተነጻጽሮ ይታያል» የሚል አንቀጽ ገባበት። የመኪና እጥበቱ ዘይቱን ወደ ቦዩ ሲለቅ ነዋሪው ከጮኸ አንጻራዊ ነው ይባላል። አዲስ የተከፈተ ሆቴል የማጣሪያ ጉድጓዱን ሳይጨርስ ሥራ ሲጀምር፣ የጠየቀውን ባለሙያ ያችን ወረቀት እያሳዩ መለሱት። ሕዝቅኤል ወደ ከፍተኛ ወንበር ወጣ። መቅደላዊት ከሐይቁ የአንድ ቀን መንገድ ወደሚርቅ ወረዳ ተዛወረች። ፍሬ ስብሐት የችሎቱ ሰብሳቢ ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለኃላፊዎች ሥልጠና ሲሰጥ በክብር እንግድነት ተጠራ። አዳራሹ ሙሉ ነው። ግድግዳው ላይ የገዛ ዓረፍተ ነገሩ ክንድ በሚያህል ፊደል በርቷል፤ አሠልጣኙም በረጅም እንጨት ቃል በቃል እየነካ ያብራራል።

«ይህ ውሳኔ እጃችንን የፈታልን ውሳኔ ነው» አለ አሠልጣኙ። «ቀድሞ አንድ አሮጊት ሸተተኝ ብላ ኢንቨስትመንት ታስቆም ነበር። አሁን ሽታውን ከምን ጋር አነጻጽረሽው ነው ብለን እንጠይቃታለን።»

አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ተጨበጨበለት። ፍሬ ስብሐት ተነሥቶ እጅ ነሣ፤ ሲቀመጥ አፉ ውስጥ መራራ ምራቅ ሞላ። ያጨበጨቡት ሰዎች ክፉዎች አይመስሉም። ማስታወሻ የሚይዙ፣ በእረፍት ሰዓት ብስኩት የሚበሉ፣ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ሊያመጡ የሚጣደፉ ሰዎች ናቸው። ያ ነው ይበልጥ የቀፈፈው። የሠራላቸው ነገር ምቹ ነበርና ማንም የሚቀፍ ነገር መያዙን አላወቀም።

ሥልጠናው ሳያልቅ ወጥቶ በእግሩ ወደ ሐይቁ ወረደ። ዘይነት የምትቆምበት ቦታ ባዶ ነው። ኑርሑሴን የሚባል ዓሣ አጥማጅ መረቡን ሲጠግን አገኘው።

«ወይዘሮ ዘይነት የሉም?»

«ወረታ ወንድሟ ዘንድ ገባች፤ ሽንኩርት ትሸጣለች ይላሉ። እዚህ የወጣ ዓሣ ማን ይገዛና? እኛም መረቡን የምንጥለው ግማሽ ቀን ርቀን ነው።» ቀና ብሎ አየው። «እርስዎን ማን ልበል? ብትደውል ልንገርልዎት።»

ፍሬ ስብሐት ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

«አልፎ ሂያጅ ነኝ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሰውነቱን ራሱ ተጠየፈው። ሲታጠብ ይቆያል፣ ጫማ ይቀይራል፣ ችሎት ላይ ተቀምጦ እጁን ያሸታል። ሚስቱ ታመሃል አለችው። ሐኪሙ ጨጓራ ነው ብሎ እንክብል ሰጠው።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አዲስ ክስ ቀረበ። ከሳሿ ወለተ ኪዳን የምትባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናት። ከትምህርት ቤቱ በላይ አንድ የግል ቄራ ተከፍቶ ደሙንና ፈርሱን በክፍት ቦይ ይለቃል፤ ቦዩ በመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ አልፎ ወደ ጣና ይወርዳል። መስኮት ከተከፈተ ዝንብ ደብተሩን ያለብሰዋል፤ ከተዘጋ ልጆቹ ይታፈናሉ። የቄራው ጠበቃ ብዙ አልለፋም። ያንን ውሳኔ በቁጥሩ ጠቀሰና ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ ተቀመጠ።

ወለተ ኪዳን ተራዋ ሲደርስ ወረቀቷን አጠፈችው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። ልጆቹ ሕገ መንግሥቱን በሥነ ዜጋ ትምህርት ይማሩታል፤ አንቀጽ አርባ አራትን በቃላቸው ነው የሚወጡት። አንዷ ተማሪዬ እጇን አውጥታ ‹ቲቸር፣ ይህ የኛን ሰፈር ይጨምራል?› አለችኝ። አንጻራዊ የሚለውን ቃል እንዴት አድርጌ ላስረዳት? ጠበቃው ያውቁ እንደሆን ይንገሩኝ።»

ጠበቃው ፍሬ ስብሐትን አየ። ፍሬ ስብሐት ጠረጴዛውን አየ።

አብረውት የሚያስችሉት ሁለቱ ዳኞች ወጣቶች ናቸው፤ ዓምደ ሚካኤልና ጸሎት። ሁለቱም ትጉሆች ናቸው፤ ሁለቱም ያንን ውሳኔ ሲማሩ አጥንተውታል። ለውሳኔ ሲቀመጡ ፍሬ ስብሐት ቄራው ይዘጋ፣ ማጣሪያ እስኪሠራም ሥራ አይጀምር አለ።

«ክቡር ሰብሳቢ» አለ ዓምደ ሚካኤል በአክብሮት፣ «እርስዎ ከጻፉት ውሳኔ ጋር እንዴት እናስማማዋለን? አንድ ዓይነት ጉዳይ፣ አንድ ዓይነት ፍርድ ይገባዋል።»

«ያ ስሕተት ነበር።»

«መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በእሱ ነው የሚሠሩት» አለች ጸሎት። «ፈቃድ ተሰጥቶበታል። ሰው አምኖት ገንብቷል። ዛሬ ስሕተት ነው ብንል ስንቱ ይፈርሳል?»

«ያመነው ማን እንደሆነ አየሽ?» አላት። «ቱቦ የሚቀብረው ነው ያመነው። ከቱቦው በታች ያለው አንድ ቀን አላመነውም። ያን ጊዜ እግሬ ዝቃጩ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሪዞርቱ ራሱ የዚያን ዳርቻ ዓሣ ወጥ ቤቱ እንደማያስገባ በጆሮዬ ሰማሁ። ሰምቼ አልጻፍሁም። የጻፍሁት ለሰብሳቢዬ ደስ የሚለውን ነው።»

ጸሎት ፊቷ ቀላ። ዓምደ ሚካኤል ከመዝገቡ ቀና አለ።

«ያንን መዝገቡ ላይ ሊያሰፍሩት ነው?»

«አሰፍረዋለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ የእኛን ድምፅ በአብላጫነት ይመዝግቡልን» አለ ዓምደ ሚካኤል። ክፋት አልነበረበትም፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነው። ፍሬ ስብሐት ያን ድምፅ ያውቀዋል። ያን ቀን የገዛ ድምፁ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት ለአንድ ክሱ ውድቅ ሆነ። ፍሬ ስብሐት አብላጫውን ውሳኔ እንደ ደንቡ ካነበበ በኋላ የራሱን የሐሳብ ልዩነት አነበበ። ስድስት ገጽ ነው፤ የመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«ቀድሞ የተሰጠው ውሳኔ ንጹሕ የሚለውን ቃል የተረጎመው ለመብቱ ባለቤት ሳይሆን መብቱን ለጣሰው ነው። ሕዝብ የሚያውቀውን ቃል ሕዝብ እንዳያውቀው አድርጓል። ያንን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የቀረበልኝን ምሳ በልቼ፣ ያየሁትን ደብቄ ነው የጻፍሁት። ስለዚህ ማንም በእሱ እንዳይፈርድ እላለሁ።»

የቄራው ጠበቃ ሳይቀር ቀና አለ። ወለተ ኪዳን ግን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይህ የርስዎ ጽሑፍ ቦዩን ይዘጋዋል?»

«አይዘጋውም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ይግባኝ ሲሉ ይረዳዎታል።»

ይግባኝ አለች። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ውሳኔውን በአራት መስመር አጸና፤ ከስድስቱ ገጽ አንዱንም አልጠቀሰም። ለፍሬ ስብሐት የዲሲፕሊን ደብዳቤ ደረሰው፤ ከሰብሳቢነት ተነሥቶ የትራፊክ መዝገቦች ወደሚያይ ችሎት ተመደበ። የከተማው አስተዳደርም ለጉዳዩ መፍትሔ አገኘሁ አለ። ቦዩ ባለበት ይቀራል፤ የሚነሣው ትምህርት ቤቱ ነው። ልጆቹ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ውስጥ ካለ ሌላ ትምህርት ቤት ጋር ይቀላቀላሉ፤ ለብዙዎቹ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ማስታወቂያው የተለጠፈው «የተማሪዎችን ንጹሕ አካባቢ የማግኘት መብት ለማረጋገጥ» በሚል ርእስ ነው።

ፍሬ ስብሐት ያንን በጠዋት ካነበበ በኋላ ቁርስ አልበላም። የነሐሴ የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። ዕቃው በሚጫንበት ሰዓት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ ለምን እንደሚሄድ ለራሱም አልነገረም። አንድ አይሱዙ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ አስተማሪዎች ዴስክ ያወጣሉ። ቅዳሜ እንደመሆኑ ከአጥሩ በላይ ቄራው ሥራ በዝቶበታል። ክረምቱ ቦዩን ሞልቶት ከክፍሎቹ ጀርባ ቀይ ቡናማ ውኃ፣ የተበጠሰ አንጀትና ያልተፈጨ ሣር ተቀላቅሎ ይወርዳል። ግማቱ የሚሸተት ብቻ አይደለም፣ ቆዳ ላይ ይቀመጣል። ዝንቦቹ ከንፈሩ ላይ አረፉ።

ፍሬ ስብሐት አጥሩን ይዞ አስታወከ። ባዶ ሆዱ ነውና ሐሞት ብቻ ነው የወጣው፤ ግን አላቆም አለው።

ወለተ ኪዳን ከኋላው መጥታ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ሰጠችው። አፉን ተጉመጠመጠ።

«ልጆቹም መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ነበሩ» አለችው። «ኋላ ለመዱት።»

ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ክፍሉ አዙራ ነበር፤ በሩ ላይ አንድ ረጅም ዴስክ ተቀርቅሮ ሁለት አስተማሪዎች ይታገሉታል።

«በሉ፣ መጥተው ከሆነ ያንን ጫፍ ይያዙልኝ» አለች።

ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ሄዶ ያዘው።